ጽጌ፣ ሁለቱንም ለምን እንዳጨስኩ

ጽጌዬ፣

ከተለየሽኝ አራት ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። እኔ ዛሬም አሌክሳንድሪያ፣ በዚያው አፓርታማችን ነኝ፤ የሆቴሉን የእንግዳ ማመላለሻ ሻትል እየነዳሁ ነው። ልጃችን ሜሮን አግብታ ሲልቨር ስፕሪንግ ገብታለች። ያላየሻት የልጅ ልጅሽ ኤልዳና ትባላለች፤ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። አፍንጫዋ ቁርጥ ያንቺ ነው። የምጽፍልሽ ስለ እሷ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ። አንቺ ከሞትሽም በኋላ ሲጋራ አልተውኩም። አንድም ቀን ሲጋራ አፍሽ ሳይገባ ሳንባሽ ታመመ። ዶክተሩ ምክንያቱን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም ሲለን ወደ እኔ ዞረሽ "ሰማህ? ያንተ ጥፋት አይደለም" አልሽኝ። እኔ እንደዚያ አልሰማሁትም። ሃያ ስድስት ዓመት፣ መኪና ውስጥም ሳሎን ውስጥም፣ አጠገብሽ ሆኜ አጭሻለሁ። ያንን ሳስብ እፈራለሁ፤ ስፈራ ደግሞ አጨሳለሁ።

ኤልዳና እንደተወለደች ሜሮን "አባዬ፣ ሲጋራ ሲጋራ እየሸተትክ አታቅፋትም" አለችኝ። ፈገግ እያለች ነው ያለችው፤ ግን የምሯን ነበር። አብሮኝ የሚነዳው ተሾመ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ይስባል። ወፍራም እስክሪብቶ የሚያክል ነገር ነው፤ ኒኮቲን ያለበት ፈሳሽ ይሞላበታል፣ በባትሪ ይሞቃል፣ የሚወጣው እንፋሎት ነው። "ልብስ ላይ አይቀርም፣ ተሳፋሪም አያማርርም፣ ቀስ በቀስ ያስተውሃል" አለኝ። በማግስቱ ገዛሁ። ለሜሮንም ሲጋራ ተውኩ አልኳት። አቅፋኝ አለቀሰች።

እውነትም ለሁለት ሳምንት ትቼ ነበር። ከዚያ ጠዋት ሻዬን ስጠጣ እንፋሎቱ አልበቃኝ አለ፤ እንደ ሲጋራው ጉሮሮ አይዝም። አንዷን ብቻ አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ኤሌክትሮኒኩ ሰው ፊት፣ ሲጋራው ብቻዬን ስሆን ሆነ። ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር። ዶክተር ጋ አፖይንትመንት እይዝና ቀኑ ሲደርስ ካንስል አደርገዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ሜሮን ሥራ ነበራት፤ ባሏም ከከተማ ወጥቶ ስለነበር ኤልዳናን ልጠብቅ ሄድኩ። ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ጃኬቴን ወንበር ላይ ጣል አድርጌ አንዲት ሲጋራ ይዤ በረንዳ ወጣሁ። ጭሱ እንዳይገባባት ብዬ በሩን ዘጋሁት። ስመለስ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች። የኤሌክትሮኒክ ሲጋራውን ፈሳሽ ጠርሙስ ከጃኬቴ ኪስ አውጥታ ከፍታዋለች። አገጯ ረጥቧል፤ እንጆሪ እንጆሪ ይሸታል። ሳነሳት አስመለሳት። ፊቷ አመድ መሰለ።

የአደጋ ጊዜ ስልክ፣ ናይን ዋን ዋን ደወልኩ። ስንት ዓመት የተናገርኩት እንግሊዝኛ ጠፋብኝ። ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብብልኝ ትለኛለች፤ እኔ መነጽሬ የት እንዳለ አላውቅም። አምቡላንሱ እስኪደርስ ልጅቷን ደረቴ ላይ አጥብቄ "አትተኚብኝ፣ አትተኚብኝ" እላለሁ። ስጠራት የነበረው በስምሽ እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው።

ሆስፒታል ሜሮን እየሮጠች ደረሰች። ሐኪሟ "ስትጠጣው የት ነበርክ?" ብላ ጠየቀችኝ።

"በረንዳ ላይ።"

"ምን ታደርግ ነበር?"

ሜሮን ታየኛለች። "ሲጋራ አጨስ ነበር" አልኩ።

"አባዬ፣ ትቻለሁ አላልከኝም?"



እግዚአብሔር ይመስገን፣ የዋጠችው ጥቂት ነበር፤ እሱንም አስመልሳዋለች። ሲከታተሏት ቆይተው ማምሻውን ለቀቋት። መኪና ውስጥ ሜሮን "ግን ለምን ሁለቱንም?" አለችኝ። ልትወቅሰኝ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው። እኔም ነገርኳት። "ኤሌክትሮኒኩን የያዝኩት እንደ እናትሽ እንዳልሞት፣ አንቺም ልጅሽን እንዳትከለክዪኝ ፈርቼ ነው" አልኳት። ሲጋራውን ያልለቀቅኩት ደግሞ ያለ እሱ ቀኑን መግፋት ስለምፈራ ነው። አንዱ ሌላውን ያስተወኛል ስል ሁለቱንም ተሸክሜ ቀረሁ።

 ከዚያ "ለጊዜው ከእሷ ጋር ብቻህን አትሁን" አለችኝ። ልክ ናት። 

ሰኞ ራሷ ዶክተር ጋ ወሰደችኝ። ሁለቱንም የምተውበት መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ ዛሬ አምስተኛ ቀኔ ነው። ደረቴንም በማሽን አዩት፤ ውጤቱ ገና አልመጣም። ስልክ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ።

ጽጌዬ፣ እስከ ዛሬ ሳስታውስሽ ጤነኛ የነበርሽበትን ጊዜ ብቻ እየመረጥኩ ነበር። በመጨረሻዎቹ ወራት፣ ትራስ ተደግፈሽ አየር ስትፈልጊ፣ ያኔም ፊቴን አዞር ነበር፤ አሁንም በሐሳቤ አዞራለሁ። የደረቴ ውጤት ምንም ይሁን ምን፣ ከእንግዲህ ፊቴን አላዞርም። ያንንም አስታውሳለሁ፤ ሙሉሽን አስታውስሻለሁ።

ያንቺው ግርማ