ባዶ የሚተው ቦታ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ክረምት ሲገባ የሚይዝህ ያ ሳል እንዴት አደረገህ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ዛሬም እዚሁ ሜክሲኮ ከተማ፣ በሳንቶ ዶሚንጎ አደባባይ፣ ከቅስቶቹ ሥር ተቀምጬ፣ መጻፍ ለማይችለውም ለማይደፍረውም እጽፋለሁ።

የሰፈራችንን ወሬ ብትሰማ ትስቃለህ። የጸሐፊዎች ማኅበራችን የጽሕፈት መኪናውን ሊተው ነው። ማመልከቻውን አንድ ጊዜ በኮምፒውተር አሳምረን እንሠራና ስም፣ ከተማና ቀን የሚገባበትን ክፍት እንተዋለን፤ ባለጉዳይ ሲመጣ ክፍቱን መሙላት ብቻ ነው። ለዚህ የሚሆነውን ፕሮግራም እንድመርጥ እኔን ሾሙኝ። ሊቀ መንበራችን ዶን ፌርሚን፣ «በመነኮሳት ትምህርት ቤት ዱላ እየበላች የተማረች እሷ ናት፤ ነጠላ ሰረዝ እንኳ አታመልጣትም» አለ።

ሁለት ፕሮግራሞች ቀረቡልኝ። አንደኛው ዘገምተኛና መልከ ጥፉ ነው፤ ቅጹን ስትሠራ በእያንዳንዱ ክፍት ቦታ ላይ፣ ይህ የግድ ይሞላ ወይስ ቢቀርም ይቻላል እያለ ያደክማል። ሁለተኛው ፈጣን ነው። አንድ ቦታ ሳይሞላ ከቀረ ግን ቀይ ያበራና አላትምም ይላል። ሁሉም እሱን ወደዱት። ዶን ፌርሚን፣ «ዶኛ ኦቲሊያ፣ ይኼስ ቁርጥ አንቺን! ካልተሞላለት ንቅንቅ አይልም» ሲል ሳቁብኝ። እኔም ደስ አለኝ፤ ባዶ ቦታ የሰነፍ ተማሪ ምልክት ነው ተብዬ አይደል ያደግሁት?

በሙከራው ሰሞን ዶኛ ካሲልዳ የምትባል ሴት ከቬራክሩዝ መጣች። ልጇ ጠፍታባት የፍለጋ ማመልከቻ ፈልጋ ነው። ዶን ፌርሚን ቅጹን የገለበጠው ቤቱን ትቶ የሄደ ባል ከሚከሰስበት ወረቀት ነበርና፣ ፕሮግራሙ የልጅቷን ስም እንደተቀበለ አሁን የምትኖርበትን አድራሻ ጠየቀ። አለፍኩት፤ ቀላ። እንደገና አለፍኩት፤ ቀላ።

ዶን ፌርሚን ከጎኔ ሆኖ፣ «የእናትየዋን አድራሻ አስገቢበትና ይለፍ፤ ማን ያያል?» አለ።

«እኔ ቤት ብትሆን እዚህ ምን አመጣኝ?» አለችው።

ደነገጠና፣ «እንግዲያው ቦታውን ከነጭራሹ እንሰርዘዋ» አለ።

«አይሰረዝ!» ብላ ብድግ አለች። «ስትገኝ የት ልትጽፉት ነው?»

ማመልከቻዋን በአሮጌው የጽሕፈት መኪናዬ መታሁላት።

በስብሰባው ቀን ዘገምተኛውን መረጥኩ። አጉረመረሙ። ዶን ፌርሚን፣ «ምነው ዶኛ ኦቲሊያ፣ ለአንዲት ሴት ብለሽ ሁላችንንም ልታጉላዪን?» አለኝ። «ለአንዲት አይደለም» አልኩት። ትክ ብሎ አየኝና ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ወዲያ የተከራከረኝ የለም።

የፍለጋውን ቅጽ ራሴ ሠራሁት። በትክክል መሥራቱን ለማየት መጀመሪያ ያስገባሁት ያንተን ስም ነው። ከግራ ቅንድብህ በላይ ያለችውን ጠባሳ ጻፍኩ። እኔ የሠራሁልህን ሰማያዊ ሹራብ ጻፍኩ፤ አንደኛው እጅጌ ትንሽ እንደሚረዝምም ጨመርኩ፤ ለሚያይህ ሰው ምልክት ይሆናል ብዬ። አድራሻው ላይ ስደርስ አለፍኩት። ፕሮግራሙ ምንም አላለኝም። አተመው።

ልጄ፣ የጓዳሉፔዋ እመቤታችን በመጎናጸፊያዋ ትሸፍንህ። የምትቀምሰው አይጥፋ፤ ሲመሽብህ በሩን የሚከፍትልህ ደግ ሰው አትጣ። ሹራቡ ከተቀደደ አትጣለው፤ ክሩ አለኝ።

እናትህ

ፖስታው ላይ ስምህን ጽፌያለሁ። ከሥሩ ሁለት መስመር ለቅቄያለሁ።