የመመለሻ ሰዓት

ቾኮሎስኪ፣ ፍሎሪዳ
ዲሴምበር 4 ቀን

ለምወድሽ ልጄ ለዊላ፣

እንዴት ከርመሻል የኔ ዓለም? የሞንታና በረዶ መንገዱን ዘጋብን ብለሽ የጻፍሽው ደርሶኛል። እኛ ዘንድ ትንኙ ቀነስ ብሏል። አባትሽ ደህና ነው፤ ይበላል፣ ይቆጣል። እኔም ደህና ነኝ።

በጃንዋሪ ከጓደኛሽ ከጁን ጋር መጥታችሁ በካያክ ጀልባ እየቀዘፋችሁ ደሴቶቹ ላይ ሦስት ሌሊት ልታድሩ ማሰባችሁን ሳነብ ከደስታዬ ብዛት ደብዳቤውን እንደያዝኩ በረንዳው ላይ ቆሜ ቀረሁ። መንገዱን አንቺ ንደፊልን ብለሻል። ነድፌዋለሁ።

የምትነሡት ውሃው መሸሽ ሲጀምር ነው፤ እሱ ራሱ ወደ ክፍቱ ባሕር ይወስዳችኋል። ስትመለሱ ደግሞ ከሚሞላው ጋር ግቡ። ከባሕር ጋር የሚታገል ሰው የሚያደክመው ክንዱን ነው። የሰሜን ነፋስ የበረታ ዕለት ግን አትነሡ፤ ውሃውን ከባሕረ ሰላጤው ጠራርጎ ያወጣውና ጭቃ ላይ ያስቀምጣችኋል። የሚጠጣውን ውሃ በወፍራም ጀሪካን ያዙ። ስሱን ፕላስቲክ ራኩኖቹ በጥርሳቸው ይበሱታል፤ ደሴቶቹ ላይ ደግሞ አንዲት ጠብታ ንጹሕ ውሃ አታገኙም። የመንሳፈፊያ ሰደርያችሁን አታውልቁ፤ ጁን «ውሃው እኮ ከጉልበት አያልፍም» ብላ ብታሾፍብሽም አትስሚያት። ከሁሉ በላይ፣ በማንግሮቩ ዛፎች መካከል ስታልፉ ዞር እያላችሁ ከኋላችሁ ያለውን እዩ። ሁሉም አረንጓዴ ግድግዳ ነው፤ የመሄጃው ፊትና የመመለሻው ፊት አይመሳሰልም። እዚህ አገር ሰው የሚጠፋው ሲመለስ ነው።

«እንደ ድሮው አንቺው ጠብቂን» ብለሻል። የሚወጣ ሰው የት እንደሚያድርና መቼ እንደሚመለስ የብስ ላይ ለሚቀር ሰው ተናግሮ ይሄዳል፤ ሰዓቱ ካለፈ ያ የቀረው ሰው ስልክ አንሥቶ የነፍስ አድን ሠራተኞችን ይጠራል። በዚህ ቤት ያ ሰው ሁልጊዜ እኔ ነኝ። አባትሽ ዓሣ አጥማጆችን እየመራ ሲወጣ ስንት ዘመን ጠበቅሁት! የምትጠብቅ ሴት ሱቅ አትሄድም፣ ጎረቤት ቁጭ ብላ አታወራም፣ ስልኩን በወሬ አትይዝም። እሱ ባሕሩ ላይ ሲውል እኔ ወንበር ላይ እውል ነበር። ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ እሱም ከባሕር ቀረ፣ እኔ ግን አልተፈታሁም። ምሰሶ ላይ ከቆመው ቤታችን ሥር ወርጄ ልብስ ሳሰጣ እንኳ በከዘራው ወለሉን ይደበድባል። አንዴ ከመታ ነይ ማለት ነው፤ ሁለቴ ከመታ ቶሎ ነይ። ያስለመድኩት እኔው ነኝ፤ ተቀምጠው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል። ግን ካንቺ ምን እደብቃለሁ፣ ታፍኛለሁ ልጄ።

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። በኦክቶበር ጎረቤታችን ኦፓል የማትጠቀምበትን ካያክ ሰጠችኝ። ከቤቱ ሥር አሮጌ መረብ አልብሼ ደበቅሁት። አንድ ጠዋት አባትሽ ሲያንቀላፋ ይዤው ወጣሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ለማን ልናገር? የሚጠብቀው ሰው እኔው ነኝ። ትንሽ ራቅ ብዬ ልመለስ ነበር፤ ጸጥታው ጎተተኝና ውሃው ሸሽቶ ጭቃ ላይ ሲያስቀምጠኝ ነው የነቃሁት። ልውረድ ብዬ እግሬን ባስገባ እስከ ጭኔ ሰመጥኩ። በዙሪያዬ ያለው የኦይስተር ዛጎል ምላጭ ነው። እንደ ምንም ተጎትቼ ካያኩ ውስጥ ገባሁና ባሕሩ እስኪመለስ ድረስ በዚያ ፀሐይ ተቀመጥኩ። የሚገርምሽ፣ አልፈራሁም። አሁን አባትሽ ስልክ አንሥቷል፣ አሁን የጀልባ ድምፅ እሰማለሁ እያልኩ ጆሮዬን አቅንቼ ነበር። ማንም አልመጣም።

ቤት ስደርስ ጭቃው እስከ ወገቤ ደርቆብኛል።

«የት ጠፍተሽ ነው? ክንዴ እስኪዝል ስደበድብ!» አለኝ።

«የት የሄድኩ መሰለህ?»

«ቤተ ክርስቲያኑን ልትጠርጊ ነዋ! ምሳ የለም እንዴ ዛሬ? ደግሞ እግርሽን ታጠቢ፣ ወለሉን አበላሸሽው።»

ታጠብኩ። ዓሣውን ስጠብስ እንባዬ ዘይቱ ውስጥ እየገባ ይንጣጣ ነበር።

ስለዚህ ዊላዬ፣ የምንወጣው ሦስት ሆነን ነው። ትናንት ለአባትሽ ነገርኩት።

«አንቺ? በዚህ ዕድሜሽ? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ!»

«የብብቴን አንተ ትጠብቅልኛለህ» አልኩት።

«እኔ? እኔ ምን አድርግ ነው የምትይኝ?»

«ምንም። ወንበርህ ላይ ትቀመጣለህ። ምግብ ኦፓል ታመጣልሃለች። ሰዓቱ ካለፈ ትደውላለህ።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያማ ትጠብቃለህ።»

ከዘራውን አላነሣም። «እስቲ ዕቅዱን አምጪው» አለና መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበው። «ለሦስት ሰው ይሄ ውሃ አይበቃም፣ ጨምሩ» አለ። እውነቱን ነው፣ ጨምሬያለሁ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ጣቱን ወረቀቱ ላይ እንዳኖረ ቀና ብሎ አየኝ።

«የልጆቹ እሑድ ቀትር ይላል። ያንቺ የመመለሻ ሰዓት የታለ?»

«እጽፈዋለሁ።»

«መቼ?»

«እጽፈዋለሁ አልኩህ እኮ።»

ከመተኛታችን በፊት ደግሞ ጠየቀኝ። ዛሬ ጠዋትም ፊቱን ሳይታጠብ ጠየቀኝ። እንዲህ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ከስንት ጊዜው! አሳዘነኝ፤ ክፉ ሰው እንዳልሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። ግን እስክሪብቶውን አነሣለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

ጁንን ሳሚልኝ። ወፍራም ልብስ ተሸክማችሁ አትድከሙ፤ ስስ፣ እጀ ረጅም ሸሚዝ ይበቃል። ሄደሽ የምትደርሺበት ደግ ይሁን፤ ከኋላሽ የምትተዪውንም እግዚአብሔር ይጠብቀው።

እናትሽ
ቬርና

ረስቼው ልዘጋው ነበር። በረዶ እኮ አይቼ አላውቅም። ያቺ በስተጓሮ ያለችው ትርፍ ክፍልሽ አሁንም ባዶ ናት? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።