በእኔ ቴፕ ላይ ሌላ ቴፕ

ጥቅምት 4

የጥናት ቡድናችን መሪ ደብተር ግዙ አለን። ወንጌሉን በየሥራ ቦታችን እንዴት እንደኖርነው እንድንጽፍበት ነው። ገዛሁ። ለማንም ግን አላሳይም፣ ለእሱም ቢሆን። የማስበው ሁሉ ቢነበብ ቡድኑ ውስጥ ማን ያስቀምጠኛል?

ሥራ እንደ ወትሮው ነው። ከቀዶ ጥገና ክፍል የመጣው መቀስና መቆንጠጫ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ በየትሪው ይደረደራል። ከዚያ በጨርቅ ተጠቅልሎ በቴፕ ይታሸጋል። ያሸገው ሰው ቴፑ ላይ ፈርሞ ጀርም ወደሚገድለው ማምከኛ ማሽን ያስገባዋል። ሃያ ስድስት ዓመት ሠራሁበት። እጄ ራሱ ያውቀዋል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የዕቃ ዝርዝር ለጀማሪ ነው፣ እኔ የፈረቃው ኃላፊ ነኝ።

ጀማሪ ደግሞ ዛሬ መጣልን። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። የአርባ አምስት ቀን ሙከራ ላይ ነው፣ ከእኔ ጋር ማሸግ ይሠራል። ሲገባ ለሁላችንም በየተራ እጅ ነሳ፣ ለማሽኑም ሊነሳ ምንም አልቀረው። ምሳ ሰዓት ላይ የሁላችንንም ሳህን ሰብስቦ አጠበ። ማን አዘዘው? ማንም።

ጥቅምት 9

«ብፁዑ» ብዬ ስም አወጣሁለት። እጥበት ላይ ያሉት ሁለቱ ሴቶች በሳቅ ፈነዱ። ስሙ፣ የሚገርመው፣ ከእኔ ቀድሞ ቀዶ ጥገና ክፍል ደረሰ።

ዛሬ የተደፈነውን የእጥበት ገንዳ ማንም ሳይጠይቀው እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ ከፈተው። ከእጥበቶቹ አንዷ ልጇ ስለታመመባት ቀድማ ስትወጣ በእሷም ቦታ ሠራ። አላማረኝም። ሰው ያለ ምክንያት እንዲህ አይሆንም። ወይ አለቃችን ሰላይ አድርጎ አስቀምጦት ነው፣ ወይ ወንበሬን አይቶ ነው።

ለእህቴ ነገርኳት። አብረን የምንኖረው እኔና እሷ ብቻ ነን፣ ሌላ ለማን እነግራለሁ? «አንቺ ደግሞ ጥሩ ሰው ስታዪ ፖሊስ መጥራት ያምርሻል» አለችኝ። ሳቅኩ። ግን ከልቤ አይደለም።

ጥቅምት 17

አለቃችን ግድግዳው ላይ ያለውን ዝርዝር ቀይሮ ሄደ። አሮጌው ወረቀት ወይቦ ነበር። ደግ አደረገ።

ብፁዑ ከሰዓት በኋላ አጠገቤ መጥቶ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እትዬ፣ ዝርዝሩ ላይ አንድ ነገር…» ሲል አላስጨረስኩትም። አንተ ሳትወለድ… ልል ነበር፣ ዕድሜው አይመጥንም። ዝርዝሩን የጻፉትን ያሠለጠንኩ እኔ ነኝ አልኩት። እጥበቶቹ ሰምተው ተሳሳቁ። ፊቱ ቀላ፣ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሁለተኛ አይደፍረኝም።

ትሕትና ምናምን የሚለውን ሳምንት እጽፋለሁ።

ጥቅምት 29

ነገር አለ። ነገር አለ!

ወደ ማሽኑ ሊገባ የተደረደረውን ትሪ ሳይ አንዱ ላይ ቴፔ ሁለት ሆኗል። የእኔ ቴፕ ከነፊርማዬ አለ። ከላዩ ደግሞ ሌላ ቁራጭ ተለጥፏል። እኔ አልለጠፍኩም። እኔ ስለጥፍ ጓንት ያደረገ ሰው እንዳይቸገር ጫፉን አጠፍ አደርጋለሁ። ይሄኛው ጫፉ አልታጠፈም። ያሸግኩት ትሪ ተከፍቶ ነው ማለት ነው። ተከፍቶ እንደገና ታሽጎ!

ጠየቅኩ? አልጠየቅኩም። ቆይ ብቻ። እጅ ከፍንጅ ነው የምይዘው።

ኅዳር 2

ዛሬ ሦስት። ሦስቱም የእኔ ትሪዎች። የእሱን አንድም የነካ የለም።

ኅዳር 6

የመለዋወጫ መሳቢያውን ከፈትኩ። የደም ሥር የሚይዘው መቆንጠጫ አሥራ ሁለት ነበር። አሁን ስንት ነው? ሦስት።

ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ትሪዬን ይከፍታል፣ ከመሳቢያው ዕቃ ይጠፋል። ከትሪዬም እያወጣ ይሆን? ነገ ቀዶ ጥገና መሃል ዕቃ ቢጎድል ፊርማው የማን ነው? የእኔ። ሸጦ ይበላዋል፣ እኔ እወቀስበታለሁ፣ ወንበሬንም ይወስዳል። በአንድ ድንጋይ ሦስት ወፍ። እኔኮ ብዬ ነበር! ሳህን የሚያጥብ እጅ መሳቢያ የሚያራግፍ እጅ ነው።

ለእህቴ ስነግራት ሲወስድ አይተሽዋል ወይ አለችኝ። አላየሁም። ማየት ግድ ነው?

ኅዳር 8

ጥናት ነበረን። የዛሬው ትምህርት ወንድምህ ቢያጠፋ መጀመሪያ ለብቻው አግኝተህ ንገረው የሚለው ነው። ካልሰማህ አንድ ሁለት ሰው ጨምር፣ ለሁሉ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። መሪያችን ይህን ሥራ ቦታችሁ ላይ ሞክሩት አለን። ሰው ወደ አለቃ ከመሮጡ በፊት አሥር እርምጃ ወደ ባልደረባው ቢራመድ ስንት ነገር ይበርድ ነበር አለ።

እኔን እያየ ነበር እንዴ የተናገረው? እህቴ ነግራው ይሆን?

ለማንኛውም ይሄ ለወንድም ነው። ለሌባ አይደለም።

ኅዳር 13

አለቃችን የብፁዑን የሙከራ ጊዜ መገምገሚያ ቅጽ ሰጠኝ። የፈረቃ ኃላፊ ስለሆንኩ የእኔ ቃል ነው የሚታየው። «እርስዎ ካሉ ይቀጠራል፣ ካላሉ ይሸኛል» አለኝ።

ጻፍኩ። የታሸገ ትሪ እንደሚከፍት ጻፍኩ። መቆንጠጫ እንደሚጠፋም ጻፍኩ። «በእጁ ዕቃ እንደሚወጣ እጠረጥራለሁ» የሚለውን ሦስት ጊዜ አነበብኩትና «አምናለሁ» ብዬ ቀየርኩት። እጠረጥራለሁ ሲባል ሰው ስለ ጻፊው ነው የሚያስበው።

ከእኔ ጠረጴዛ እስከ እሱ ጠረጴዛ አሥር እርምጃ የለም። ለካሁት። ሰባት ነው።

ኅዳር 14

ቅጹን አስገባሁ።

ኅዳር 16

ጠሩት። እኔም ነበርኩ። አለቃችን ትሪ ትከፍታለህ ወይ ሲለው አዎ አለ። መቆንጠጫዎቹስ የት ገቡ ሲለው ትሪ ውስጥ ነው ያሉት አለ። የማን ትሪ ውስጥ? ዝም። ለምን? ዝም። መሬት መሬት ያያል። አንዴ ብቻ ቀና ብሎ እኔን አየኝና መልሶ አቀረቀረ።

ንጹሕ ሰው ቢሆን አይናገርም? እኔ ብሆን ጣራው እስኪነቀል ነበር የምጮኸው።

አርብ ውሳኔ እስኪሰጥ ቤቱ እንዲቆይ ተነገረው። ሲወጣ ጋውኑን አጣጥፎ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረልኝ። አላመሰገንኩትም። ያንን ጋውን ግን እስከ ማታ ከጠረጴዛው አላነሳሁትም። ምን ሆኜ ነው?

ኅዳር 19

ምን ብዬ ልጻፈው…

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የቀዶ ጥገናዋ ነርስ ትሪ ተሸክማ በሩን በእግሯ ገፍታ ገባች። «ምን ነካችሁ ዛሬ?» አለች። ሐኪሙ እጁን ዘርግቶ አምስተኛውን መቆንጠጫ ጠብቆ ጠብቆ የለም። ሌላ ትሪ እስኪከፈት ሰውየው ሆዱ ተከፍቶ ጠበቀ። ደህና ነው፣ ምንም አልሆነም። እኔ ጨርቁን ገልብጬ ቴፑን ፈለግኩ። ቴፑ የእኔ ነው። አንድ ብቻ፣ ጫፉ የታጠፈ፣ ከላዩ ምንም የለም።

አራት ነው የሚገባው አልኳት። አምስት ከሆነ ወር አለፈው አለች፣ ሐኪሞቹ ራሳቸው ጠይቀው ነው ዝርዝሩ የተቀየረው። እስከ ዛሬ አንድም ቀን ጎድሎ አያውቅም።

ስትወጣ ወደ ግድግዳው ሄድኩ። አምስት። በትልቁ ተጽፏል። የወይበውን ወረቀት ሊቀይር ነው ብዬ የናቅኩት ወረቀት ላይ።

ስለዚህ ከመሳቢያው የጠፉት መቆንጠጫዎች… በየቀኑ እኔ አራት አድርጌ አሸግኩ፣ እሱ ከፍቶ አምስተኛውን ጨመረ። አለቃው የማን ትሪ ሲለው ዝም ያለው…

ወይኔ።

ኅዳር 20

ማንም አያውቅም። ነርሷ ያየችው አንድ የጎደለ ትሪ ነው፣ ሰው ነው ይረሳል። ከነገ ጀምሬ አምስት ባደርግ አለቀ። ነገ አርብ እሱ ይሸኛል፣ እኔ ጡረታ ለመውጣት አራት ዓመት ነው የቀረኝ። ሌላ ሥራ ያገኛል። ሳህን የሚያጥብ ሰው የትም ይፈለጋል።

ይህን የጻፈችው እኔ ነኝ? አዎ፣ እኔው ነኝ። ሰው ሁሉ ተንኮል አለበት ስል የኖርኩት ከየት አውቄው እንደሆነ አሁን ገባኝ።

እህቴ ምን ሆነሽ ነው ምግብ የማትቀምሺው አለችኝ። ነገርኳት። አልቀለደችብኝም። ብትቀልድብኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 21

ከሥራ በፊት ቤቱ ሄድኩ። ሰፈሩን ያሳየችኝ ከእጥበቶቹ አንዷ ነች። ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ናት። በር ላይ ቆሞ የልጁን ዩኒፎርም በሳፋ ያጥባል። ሲያየኝ እጁ ከነአረፋው ቆመ። ሚስቱ ወጣችና ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ሴትየዋ እርስዎ ነዎት?» አለች። ነኝ አልኳት። ወንበር አወጣችልኝ፣ ተቀመጡ ግን አላለችኝም።

የምናገረውን መንገድ ላይ አጥንቼ ነበር፣ ጠፋብኝ። «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። እሱን መውቀስ ጀመርኩ እንደገና!

«ወንጌሉ በጎ ሥራ በስውር ይሁን ስለሚል… ቀኝ እጅ ያደረገውን ግራ እጅ አይወቅ ብዬ።»

«እሱ ለምጽዋት ነው። ስለ ቀዶ ጥገና ትሪ የት አነበብክ?»

ሚስቱ ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው። እሱ ግን አልሳቀም። ሳሙናውን ከእጁ አራግፎ ጉልበቱ ላይ ጠረገው።

«እውነቱን ልንገርዎት፣ እትዬ? ፈርቼዎት ነው። ያን ቀን ሰው ፊት ከሳቁብኝ በኋላ አፌ እምቢ አለኝ። ከዚያ ፍርሃቴን በጎ ሥራ ብዬ ስም ሰጠሁት። ዝም ብዬ ባልፈው ደግሞ የሚጎዳው በሽተኛው እንደሆነ አውቅ ነበር።»

ደስ አለኝ። ያሳፍራል፣ ግን ደስ አለኝ። ብፁዕ አልነበረማ! እንደኔው ሰው ነው። ይቅርታ መጠየቅ የቀለለኝ ያኔ ነው። ሌባ ብዬ ጽፌብሃለሁ፣ በድዬሃለሁ አልኩት። ዩኒፎርሙን ከሳፋው አንስቶ ጨመቀው። መልሱን የሰጠችኝ ሚስቱ ናት።

«ይቅርታውን እኛ ምን እናደርገዋለን? ለአለቃው ይንገሩት።»

ከግቢው ወጣሁ። በቀጥታ አለቃው ቢሮ ሄድኩ። ቁጭ በሉ ቢለኝ አልቀመጥም አልኩት፣ ከተቀመጥኩ ሌላ ነገር አወራለሁ ብዬ ነው። ሁሉንም ነገርኩት። አራቱን፣ አምስቱን፣ ሁለቱን ቴፕ። «እጠረጥራለሁ» የሚለውን «አምናለሁ» ብዬ እንደቀየርኩትም ጭምር። ሰምቶኝ ሲያበቃ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አጋደመው። «ከአንድ ወር በላይ ዝርዝሩን አላዩትም?» አለኝ። አላየሁትም አልኩት።

ኅዳር 25

ተወሰነ። የፈረቃ ኃላፊነቴ ከእጥበቶቹ ለአንዷ ተሰጠ፣ ባወጣሁት ስም ከእኔ ጋር ለሳቀችው። እኔ ማሸጉ ላይ እቀጥላለሁ። እሱ ይመለሳል፣ ግን የታሸገ ትሪ ሳይናገር ስለከፈተ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት፣ ሙከራውም በሦስት ወር ተራዘመ። ከእንግዲህ አንዱ ዝርዝሩን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ይደረድራል።

ለእሱ ይሄ ቅጣት በዛበት። ለአለቃው ነገርኩት። የእርስዎ አስተያየት አሁን አይጠየቅም አለኝ። ያዝ እንግዲህ።

ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ለእሱ ነው ብል እዋሻለሁ። ለወንበሬ ነው።

ኅዳር 30

ከተመለሰ አራት ቀኑ ነው። ደህና አደሩ፣ ደህና አደርክ። ሌላ ወሬ የለንም። እጥበቶቹ ሲገቡ ሲወጡ ያዩናል። ስሙን መጥራት ጀምሬያለሁ፣ የእናት አባቱን። ሌሎቹ ግን አሁንም ብፁዑ ይሉታል። ያወጣሁትን ስም ማስቀረት አቃተኝ።

ሳህን አሁንም ያጥባል። ዛሬ አብሬው ቆሜ አደረቅኩ። ምን ፈልጎ ነው የሚያጥበው የሚለው ሐሳብ መጣብኝ። መጣ፣ ሄደ።

ታኅሣሥ 11

ዛሬ ዝርዝሩን ማንበብ የእሱ ተራ ነበር። እኔ እደረድራለሁ። ክፍሉ ሙሉ ነው። ነርሷ ትሪ ልትወስድ መጥታ ትጠብቃለች፣ አዲሷ ኃላፊ አለች፣ አለቃችንም በሩ ጋ ቆሞ ከሰው ጋር ያወራል። ጨርቁን ጠቀለልኩ። ቴፑን ቆርጬ ያዝኩ።

«እትዬ» አለ።

ዞርኩ።

«አልተሟላም።»

በሁሉም ፊት። ጮክ ብሎ። ወሬው ሁሉ ቆመ። ደሜ እስከ ጆሮዬ ወጣ። ሆን ብሎ ነው። አለቃው እስኪመጣ ጠብቆ ነው። ያን ቀን ሰው ፊት ስላዋረድኩት እየመለሰልኝ ነው። ለብቻዬ ሊነግረኝ አይችልም ነበር? አፌ ላይ የመጣው ቃል እዚህ ደብተር ላይም አይጻፍም።

ፊቱን አየሁት። ከንፈሩ ደርቋል፣ ወረቀቱን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል። ግን ዓይኑን አልሰበረም። አላቀረቀረም።

ቴፑን መልሼ ጠረጴዛው ላይ ለጠፍኩት። ጨርቁን ፈታሁ።

«የቱ ጎደለ?» አልኩት።

ነገረኝ።