ከግንቡ ወዲያ

ካይሮ፣ ቆዳ አልፊዎች ሰፈር
ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 1986

ለምወድሽ ልጄ ለነጃት፤

ሰላምታዬ ኩዌት ድረስ ይድረስሽ። ለባልሽ ለሙስዓድም ሰላም በይልኝ፤ ደብዳቤ ቀድሞ የሚከፍተው እሱ ነውና ሰላምታዬ ሳትነግሪውም ደርሶታል። እኔ ደህና ነኝ። ሐኪሙ ዓይኔን አይቶ አዲስ መነጽር ሰጥቶኛል። ታዲያ ለምን ፖርት ሳዒድ ቤትህ አልገባህም ብትዪኝ፣ ታስሬ ነው። አትደንግጪ፣ በሩ ክፍት ነው።

ጠባዬን ታውቂዋለሽ። ካይሮ የመጣ ሁሉ ፒራሚድ ሊያይ ይሮጣል፤ እኔ አውቶቡስ ተሳፍሬ መጨረሻው ፌርማታ ላይ እወርዳለሁ። ልጅ ሳለሽ ጭኔ ላይ ተቀምጠሽ "አባባ፣ ከዚህ ወዲያስ ምን አለ?" ትዪኝ አልነበር? እሑድም እንዲሁ ስዞር፣ ድሮ ውሃ ይሄድበት ከነበረው ረጅም የድንጋይ ግንብ ጀርባ ቆዳ አልፊዎች ሰፈር ደረስኩ። ሽታው መጀመሪያ እንግዳን ከደጅ ይመልሳል፤ ትንሽ ከታገሡት ግን ይለመዳል። በየጣሪያው ቆዳ ተወጥሯል፣ በጠባቡ መንገድ ሰማያዊ ውሃ ይወርዳል፣ እርጥብ ቆዳ የጫነ አህያ ትከሻሽን ታክኮ ያልፋል። ደስ ብሎኝ ሳለ አንድ ወፍራም ሰውዬ ከደጁ ጠርቶ ሻይ ጋበዘኝ። ዑትዋ ይባላል። የፖርት ሳዒድ ሰው መሆኔን ሲሰማ፣ "ወታደር ሳለሁ ከተማችሁ አብልታ አጠጥታኛለች" ብሎ ግንባሬን ሳመኝ።

"ሐሙስ የወንድሜ ልጅ ሰርግ ነው። ሳይበሉ አይሄዱም!"

"አላህ ያክብርልኝ፣ ነገ ባቡር አለብኝ" አልኩት።

ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ ጮኸ። "ሐሙስ ሰርጉን ሳይበሉ እግርዎ ከግንቡ ቢያልፍ፣ ኢንሺራሕ የተፈታች ትሁን!"

ኢንሺራሕ ሚስቱ ነች። ሻዩን ያቀረበችልኝ እሷ ነበረች፤ ትሪውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

የኛን ወንዶች አፍ ታውቂያለሽ፤ በሚስት ፍቺ መማል ለነሱ እንደ ማስነጠስ ነው። ጎረቤቶቹ ግን በጆሮዬ ሹክ አሉኝ። ከዚህ በፊት አንዴ በፍየል ቆዳ ዋጋ፣ አንዴ በካርታ ጨዋታ ምሎ ሁለቴም መሐላው ፈርሶበት የሰፈሩ ሸህ ናቸው ያስታረቁት። በሸሪዓው ደግሞ ሦስተኛው ፍቺ መመለሻ የለውም። እናም ከእሑድ ጀምሮ የሰፈሩ ሁሉ እስረኛ ነኝ። ወደ ግንቡ ጠጋ ስል ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ ይወጣል። "ሐጂ፣ ወዴት ነው? የሰው ቤት ሊያፈርሱ?" ባቄላ ሻጯ ደግሞ ዓይኗን ከኔ አትነቅልም።

"ምነው ልጄ፣ ዓይነ ደካማ ሽማግሌ ምን ይጠበቃል?" አልኳት።

"ዓይንዎን ማን ጠበቀ? እግርዎን ነው እንጂ!"

ዑትዋን አልወቅሰውም። የራሱን አልጋ ለቆልኛል፣ በየቀኑ ርግብ በሩዝ አስሞልቶ ያበላኛል። በእኔ እግር ግን የሰው ሚስት ታስራለች።

ዛሬ ጠዋት ጣሪያው ላይ ብቻዬን ሳለሁ ኢንሺራሕ ቁርስ ይዛ መጣች። አንገቷን ደፍታ፣ "ሐጂ፣ ይሂዱ" አለችኝ።

"ትፈቻለሽ እኮ፣ ልጄ!"

"ሰዉ ሁሉ ቤቴን እየጠበቀልኝ ነው። ማን ጠብቁልኝ አላቸው? እናቴ አገሬ ጣንታ፣ ወንድሜ ቤት ስትሞት፣ ከደጅ ብትወጪ ተፈተሻል ብሎ ማለ። እናቴን ሳልቀብር ቀረሁ። በገዛ እግሬ ብሄድ ወንድሜ በሩን አይከፍትልኝም። በእሱ ምላስ ከተፈታሁ ግን ማን አፉን ይከፍታል?"

"ሸሁ ለዚህኛውም መላ አያጡለትም" አልኳት።

"ሸሁ መላ እስኪያገኙ እኔ ጣንታ ገብቻለሁ።" ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

አብልቶኝ ቤቱን አላፈርስም፣ አይሆንልኝም አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና፣ "ሴት ልጅ አለዎት?" አለችኝ።

"አለችኝ። ኩዌት ነች።"

"እንዴት ነች?"

"ደህና ነኝ ትላለች።"

"እኔም ለወንድሜ እንደዚያ ነው የምለው" አለችና ትሪውን አንስታ ወረደች።

ብሄድ ቤት አፍራሽ ነኝ፤ ብቀር ነገ ከሰርገኛው ጋር እያጨበጨብኩ በሯን የምዘጋባት እኔው ነኝ።

ሐሙስ፣ ባቡር ውስጥ

ነጃት፣ ወጣሁ። በጠራራ ፀሐይ፣ የሰርጉ ድንኳን እየተተከለ። ባቄላ ሻጯ "ሐጂ! ግንቡ! ግንቡ!" እያለች ጮኸች። ዑትዋ ግማሽ ፊቱ ሳሙና እንደሆነ ከፀጉር አስተካካዩ ቤት ሮጦ ወጣ።

"በአላህ ይዤዎታለሁ ሐጂ! ምን በደልኩዎት?"

"ምንም አልበደልከኝም፤ ያበላኸኝን አላህ ይክፈልህ። ምላሱ ግን ያንተ ነው፣ እግሩ የኔ" ብዬው አለፍኩ። ከግንቡ ወዲያ ሆኜ ዞር ስል፣ ኢንሺራሕ ጓዟን ቋጥራ ደፉን ተሻግራለች። ማንም አልያዛትም። ዑትዋ መሬት ላይ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር። እሱም አሳዝኖኛል፤ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ያለፈው ወር ስልክ ደውለሽ "አባባ፣ ፓስፖርቴን ሳጥን ውስጥ ቆልፎ..." ብለሽ ጀመርሽና፣ መስመሩ ተበላሸ ብለሽ ዘጋሽው። መስመሩ ደህና ነበር፤ ትንፋሽሽን እሰማው ነበር። የቤታችን ቁልፍ አልተቀየረም። አልጋሽ እንደተነጠፈ ነው። ለምን መጣሽ የሚልሽ ሰው ቢኖር መጀመሪያ እኔን ያናግር።

አላህ የተዘጋውን ይክፈትልሽ፤ እግርሽ ወደወደደው ያድርስሽ።

አባትሽ ዛህራን

ሙስዓድ፣ ቀድመህ ያነበብከው አንተ ከሆንክ፣ ደብዳቤውን ስጣት። ሳጥንህ ውስጥ የቆለፍክባትን ፓስፖርቷንም ጨምርላት። እኔ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ የምሄድ ሰው ነኝ።