በተክልሽ ቦታ ያቆምኩት አርቴፊሻል

አስቱዬ፣ የቤቴ እመቤት፣

ከተለየሽኝ ዓመት ሞላ። ባለፈው እሁድ ሙት ዓመትሽን አሰብን፤ ጸሎቱ ደረሰ፣ ሰዉ በላ፣ ጠጣ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ወደየቤቱ ሄደ። እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ፎቶሽን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል። አፍሬሻለሁ፣ አፍሬሻለሁ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ጉድ ይሠራኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ነገሩ ያ ሳሎን ውስጥ ያሳደግሽው ትልቁ ተክልሽ ነው፤ ያ ሰፋፊ ቅጠሉ ጠርዝ ጠርዙን የተቀደደ የሚመስለው። አገሩ ሞቃት ጫካ ነው፣ የሚያድገው ትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው እያልሽ ብርሃን ስትመጥኚለት ኖርሽ። ጠዋት መጋረጃውን ትገልጪለታለሽ፣ ቀትር ላይ ስሱን መጋረጃ ትስቢለታለሽ። መዳፍሽን ከቅጠሉ በላይ ዘርግተሽ ጥላሽን ታያለሽ፤ ጥላው ቁልጭ ካለ ፀሐይ በዝቶበታል፣ ጭራሽ ከሌለ ጨልሞበታል፣ ደብዘዝ ካለ ተስማምቶታል። እኔ ደግሞ ቅጠል መባረክ ጀመርሽ ወይ እያልኩ አሾፍብሽ ነበር። ዕድሜ ልኬን በርና መስኮት ስበይድ የኖርኩ ሰው፣ ለእኔ መስኮት ማለት ሌባ የማያስገባ ብረት ነበር፤ ብርሃን ማስገባቱን ልብ ያልኩት አሁን ነው።

ያረፍሽው ክረምት ላይ ነበር። የእድሩ ድንኳን ዝናቡን አልቻለም፣ ለቀስተኛው ላይ ያፈስ ጀመር። ከብየዳ ቤቱ ልጆች ጋር ሆነን በአንድ ቀን ከአጥሩ እስከ ሳሎኑ ግድግዳ ብረት ተክለን ቆርቆሮ አለበስነው። ሰዉ ሁሉ ጎበዝ ሲለኝ ደስ አለኝ፤ በአንቺ ለቅሶ ላይ ደስ አለኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። አርባሽ ወጣ፣ ድንኳኑ ተመለሰ፣ ቆርቆሮው ግን የሳሎኑን መስኮት እንደጋረደ ቀረ። ልጃችን መቅዲ ከቤቴል በመጣች ቁጥር አባዬ ቤቱ ጨልሟል፣ ይሄን ነገር አንሳው ትለኝ ነበር። ነገ አነሳዋለሁ እላታለሁ። እውነቱን ልንገርሽ? ቆርቆሮውን ማንሳት ለቅሶው አለቀ ማለት መሰለኝ። በጠራራ ቀን መብራት እያበራሁ ከረምኩ።

ተክልሽ ቢጫ እየሆነ መጣ። የሚያወጣው ቅጠል ሁሉ ትንሽና ቀጫጫ ሆነ። የጠማው መስሎኝ ውሃ አበዛሁበት፣ ሥሩ መሽተት ጀመረ። በጋ ላይ ነቃሁ፤ ለካስ ያጣው ብርሃን ነው! እንግዲያው ልካሰው ብዬ ተሸክሜ አወጣሁና የቀትር ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩት። አይ እኔ! ሳምንት ሳይሞላው ቅጠሉ ተለብልቦ እንደ አሮጌ ጋዜጣ ሆነ። ከጨለማ የወጣ ነገር ቀስ እያለ ይለምዳል እንጂ በአንዴ ፀሐይ ላይ አይጣልም፤ አንቺ ብትኖሪ ትጮሂብኝ ነበር። ጎረቤታችን ዘምዘም አንቺ ከዚሁ ቆርጠሽ የሰጠሻትን አሳድጋ ጣሪያ ልታስነካ ምንም አልቀራት፤ አጥር ለአጥር ሆነን እሷን መጠየቅ እንኳ አፈርኩ።

ሙት ዓመትሽ ሲቃረብ ታላቅ እህትሽ እትዬ የሺ ከአስኮ እንደሚመጡ ሳስብ እህል አልወርድልህ አለኝ። ታውቂያቸዋለሽ፣ ገና ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ ዓይናቸው ቤቱን ዞሮ ይጨርሳል። ስንቀብርሽ ደግሞ እጄን ይዘው ተክሏን አደራ ብለውኛል። ምን አደረግኩ መሰለሽ? ኮልፌ ገበያ ወርጄ ቁርጥ እሱን የሚመስል አርቴፊሻል ገዛሁ። በአንቺ ሸክላ ውስጥ እሱን አቆምኩ። የእውነቱን፣ ግንዱ ብቻ የቀረውን፣ በቀለም ጣሳ አድርጌ ሰርቪስ ቤት ከተትኩት። ያን ጊዜ እንኳ አላፈርኩም። ራቅ ብዬ አየሁትና እንዴት ያምራል አልኩ።

እሁድ እትዬ የሺ ገብተው ተቀመጡ። ተክሉን ትክ ብለው አዩና፣ ታዴ፣ አደራዋን ጠብቀሃል አይደል አሉኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አዎ አልኩ። እሳቸውም ብድግ ብለው ጆጉ ውስጥ የነበረውን ውሃ ሸክላው ላይ ገለበጡት። አርቴፊሻሉ የቆመበት ሲሚንቶ ሸክላውን ሞልቶታል፣ ውሃው የት ይግባ? ጠርዙን አልፎ ሴራሚኩ ላይ ወረደና እንግዶቹ እግር ሥር ገባ። የንስሐ አባታችን ሳይቀሩ እግራቸውን አነሱ። ዘምዘም ናት ተነስታ መወልወያ ያመጣችው፣ ሸክላው ተሰንጥቆ ነው እያለች። ያቺ ምስኪን ለእኔ ብላ ዋሸች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሰኞ በጠዋት ግራይንደሬን ይዤ ወጣሁና ቆርቆሮውን አወረድኩ። ብርሃኑ ሲገባ የገዛ ቤቴን አላወቅኩትም፤ አቧራው፣ የሶፋው እድፍ፣ ግድግዳው ላይ የወጣው ሻጋታ። እዚህ ውስጥ ነው ለካ የኖርኩት። ተክልሽን ወደ ሸክላሽ መለስኩት፣ ከመስኮቱ ትንሽ ራቅ አድርጌ ስሱን መጋረጃ ሳብኩለት። ሰው እንዳያየኝ ዞር ዞር ብዬ እኔም መዳፌን ዘረጋሁ። ደብዘዝ ያለች ጥላ ወጣች። በራሴ ሳቅኩ፣ ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ። ግንዱን በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ውስጡ አሁንም አረንጓዴ ነው፤ ይጸድቅ አይጸድቅ ግን አላውቅም።

ከሰዓት እትዬ የሺ ጋ ደውዬ ሁሉንም ተናዘዝኩ። እስክጨርስ ሰሙኝና፣ ገና ከበር ስገባ አውቄያለሁ አሉ። ሕይወት ያለው ተክል ወደ ብርሃኑ ዘንበል ማለቱ አይቀርም፣ ያንተው እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆሟል አሉኝ። ታዲያ እያወቁ ለምን ጠየቁኝ አልኳቸው። እንድትነግረኝ ነዋ! ስለ ቅጠል የጠየቅኩህ መሰለህ? ዓመቱን ሙሉ በደወልኩ ቁጥር ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ ትለኛለህ አሉ። ከዚያ በኋላ እሳቸውም እዚያ፣ እኔም እዚህ ስናለቅስ ቆየን።

አስቱዬ፣ እስካለሁ አስብሻለሁ፤ ለዚህ መሐላ አያሻኝም። ቃል የምገባልሽ ሌላ ነው። የአስቴር ተክል እንዴት ነው ሲሉኝ ታሟል እላለሁ። አንተስ እንዴት ነህ ሲሉኝም፣ አስቴር ከሄደች ወዲህ ደህና አይደለሁም እላለሁ።

ባልሽ ታደሰ