ያስደገመችኝ ቃል

ለናፈቅኸኝ ታናሽ ወንድሜ፤

ከነልጆችህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

አንተ ከሆስፒታሉ አውጥተህ በሸጥካቸው ብርድ ልብሶች ሰበብ፣ እኔ መጽሐፍ ጨብጬ ሰረቀች ብዬ የመሰከርኩባት የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢ ከእስር ወጥታ ጎረቤቴ ሆናለች። ዓይኗ ስለደከመ ከሥራ መልስ መጽሐፍ ቅዱስ አነብላታለሁ።

ትናንት አሥርቱን ትእዛዛት ሳነብላት፣ በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ላይ አስቆመችኝ።

«እትዬ፣ እሱን ድገሚልኝ።»

ደገምኩላት።

«አንዴ ደግሞ። ምነው፣ ድምፅሽ እዚህ ላይ ሰለለ?»

«ጉንፋን ነው» አልኳት።

«ጉንፋንስ ያልፋል» ብላ ሳቀች።

ልሄድ ስነሳ ያንተን አድራሻ ጠየቀችኝ። ለክርስቲያን በቀን አንድ ውሸት ይበቃል ብዬ ጽፌ በእጇ አስያዝኳት።

ልጆችህን ሳምልኝ። በር ከተንኳኳ ግን እነሱን አትላክ፤ አንተው ተነስተህ ክፈት።

እህትህ