ለቃሬዛው ትከሻ

የካቲት 29፣ 1975። ማክሰኞ፣ ረፋድ 4 ሰዓት

ባስኩሉ ላይ ወጣሁ። 91 ኪ.ግ። ወረድኩ። ጫማዬን አውልቄ እንደገና ወጣሁ። 90 ከግማሽ። ጫማው ግማሽ ኪሎ፣ የቀረው ሁሉ እኔ! ይህ ባስኩል እኔ ኃላፊ በሆንኩበት በደባርቅ መጋዘን የስንቱን ገበሬ እህል መዝኗል፤ እንደ እኔ ያለ ጆንያ ግን አይቶ አያውቅም።

ስማ ደብተር። ከዛሬ ጀምሮ የምነግርህን ለማንም ትንፍሽ እንዳትል።

የእሑዱን ልንገርህ። ከአገራችን፣ ከቁልቁለቱ ሥር፣ ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ስትወጣ ጠሩኝ። ከተማ የገባ የአገሩ ልጅም ቢሆን ቃሬዛ ሲነሳ ትከሻውን ይሰጣል፤ ደንብ ነው። ሰጠሁ። ዳገቱ መሃል ትንፋሼ ቁርጥ አለ። ጉልበቴ መሬት ነካ። ቃሬዛው ዘመመ፣ ሴትዮዋ ጮኸች። (በሰላም ተገላግላለች። ወንድ ነው።) የተሸካሚዎቹ አለቃ ሙላቴ እንጨቱን ከትከሻዬ አንስቶ የሰዎቹን ጋቢ አስታቀፈኝ። ስሙን አንዴ ጽፌዋለሁ፣ ከዚህ በኋላ ሙ. ይበቃዋል። ጋቢ መያዝ ጥርሱ ላለቀ ሽማግሌ ነው። እኔ ገና 49 ዓመቴ ነው!

እሱ መች በቃውና። የእማሆይ ተራ ሲደርስም አንተ ጋቢውን ትይዛለህ አለኝ፣ በሰው ፊት። እማሆይ ያላት እናቴን ነው። ካምና ጀምሮ ታስላለች፤ ከፋሲካ በኋላ ክሊኒክ እናወጣታለን። በአገራችን እናት ስትነሳ የፊቱን የቀኝ እንጨት የሚይዝ ልጅዋ ነው። ልጅ በሕይወት እያለ ባዳ ከያዘው ወሬው እስከ ልጅ ልጅ አይጠፋም። ሰው ሁሉ ሳቀ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል።

እስከ ፋሲካ ሁለት ወር። ይህን ቦርጭ ካልጣልኩ ሰው አይደለሁም።

መጋቢት 5። ሰኞ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል

ሁዳዴ ገባ። ሌላው ለነፍሱ ይጾማል፤ እኔ ለሙ.። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሕግ አውጥቻለሁ። እስከ 9 ሰዓት ውሃም የለ። ከዚያ አንድ እንጀራ፣ በአዋዜ፣ በደረቁ። ሽሮ የለም። ባቄላ የለም። ዘይት የለም። ጆንያውን ወዛደሮቹ ያንሱ፤ እኔ ከወንበሬ ንቅንቅ አልልም። ጉልበት መቆጠብ ነው።

የሺ፣ ሚስቴ፣ የሽሮውን ድስት ፊቴ አስቀምጣ ቆማ ታየኛለች። ማንን ለመቅጣት እንደሆነ ጠየቀችኝ። እንጀራዬን አዋዜው ውስጥ ነከርኩ። ድስቱን አንስታ ሄደች፣ ሽታው ግን ቀረ። ጠላቶቼ ሁለት ሆኑ፤ ሙ. እና ሽሮ።

መጋቢት 20። ማክሰኞ

84! ሰባቱ ኪሎ ገደል ይግባ። ቀበቶዬን በሚስማር አዲስ ቀዳዳ በሳሁለት።

የመ/ቤቱ ጸሐፊ ወጣት ሆኑ አለችኝ። የቀበሌው ሊ/መንበር ደግሞ በውይይት ክበቡ መሃል አስነሣኝና፣ ጓዶች እንደዚህ ጓድ አድኃሪ ስባችሁን አራግፉ ብሎ አስጨበጨበልኝ። ሰው ሳቀ። በስቡ ይሁን በእኔ አልገባኝም።

ይበርደኛል። የደባርቅ ነፋስ ድሮ ቆዳዬን ነበር የሚነካው፣ አሁን አጥንቴን ነው። ዛሬ ጠዋት በጨው ምክንያት የሺ ላይ ጮኽኩባት። ጨው ደግሞ አልጎደለም ነበር። የመጋዘኑን ደረጃ ስወጣ ጭኔ ይንቀጠቀጣል። ይንቀጥቀጥ! ባስኩሉ እየወረደ ነው።

መጋቢት 29። ሐሙስ፣ ከሰዓት

80 ገባሁ። ደስ ብሎኝ ራሴን ልፈትን አልኩ። 50 ኪ.ግ ጆንያ። ድሮ አንስቼ መኪና ላይ እወረውረው ነበር። ጉልበቴ ድረስ መጣ። ቆመ። እኔም ቆምኩ። ከዚያ ሁለታችንም ወደቅን። ወዛደሮቹ እንዳላዩ ፊታቸውን አዞሩ። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ክሊኒክ ሄድኩ። ድሬሰሩ ብርሃኔ ይባላል፤ ከእኔ 15 ዓመት ያንሳል፣ ምላሱ ግን ይበልጠኛል። በግ እንደሚገዛ ሰው ክንዴን ጨበጥ ጨበጥ አደረገው። ጭኔን። ከዚያ ቦርጬን። ቦርጩማ ከሞላ ጎደል አለ አለኝ፤ የሄደው ክንድህና ጭንህ ነው። አርባ ያለፈው ሰው ተቀምጦ ሲራብ ገላው ስቡን ይዞ ጡንቻውን ይበላል አለ። በዚህ ዕድሜ ደግሞ ጡንቻ ለመሄድ ይፈጥናል፣ ለመመለስ ይለግማል። ጥፋቱ የጾም አይደለም፣ የአጿጿምህ ነው። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ሽሮ፤ የጾመኛ ሥጋ እነሱ ናቸው፣ አንተ ግን እነሱን ጥለህ እንጀራውን ያዝክ አለኝ። እንጀራውን ቀንስ፣ ወጡን ጨምር። ሸክም አንሣ፤ ቀን ሠርተህ ቀን እረፍ፤ በየሳምንቱ ጥቂት ጨምርበት። ባስኩል ላይ መመላለሱንም ተው።

በሩን ወርውሬበት ወጣሁ። አልዘጋ ብሎ ተመለሰ፤ እኔም ተመልሼ እንደገና ወረወርኩት።

ልክ ነው። የሚያናድደኝም ልክ መሆኑ ነው።

ሚያዝያ 2። እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ

የሺ የባቄላ ንፍሮ ቀቀለች። ሽሮ ወፈር አድርጋ፣ ስልጆ በጎን። እንጉርጉሮዋ አያልቅም፣ ስታጥብ፣ ስትጠርግ፣ ስትቀቅል። ብታሸንፍም እንዲህ አይደለም!

በላሁ። ሁለቴ ጨለፍኩ።

ከዚያ አንድ ባዶ ጆንያ 20 ኪ.ግ ድንጋይ ሞላሁበት። እህል የመንግሥት ነው፣ ድንጋይ የእግዜር። ከከተማው በላይ ያለውን ዳገት አንዴ ወጣሁ፣ ወረድኩ። ትከሻዬ ተልጧል። ነገ እረፍት፣ ከነገ ወዲያ እንደገና። ልቤ ግን ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ረጋ አለ።

ሚያዝያ 11። ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ከእስር መልስ! ሳቅ፣ ደብተር፣ አንተም ሳቅ።

ማለዳ 28 ኪ.ግ ተሸክሜ ዳገቱ ላይ፣ አንድ የአብዮት ጥበቃ ጓድ አስቆመኝ። ጠመንጃው ከእሱ ይከብዳል። ምን እንደተሸከምኩ ጠየቀኝ። ድንጋይ አልኩት። አስፈታኝ። ድንጋይ ነው። እህል ቢሆን ሌባ ብሎኝ ይገላገል ነበር። የመጋዘን ኃላፊ ድንጋይ ተሸክሞ ተራራ የሚወጣው ግን ለማን ምሽግ ሊሠራ ነው? አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ! ቀበሌ ወሰደኝ። እስከ 7 ሰዓት አግዳሚ ላይ ተጎለትኩ።

ሊ/መንበሩ ሲመጣ እውነቱን ነገርኩት። እናቴን ልሸከም ነው የምለማመደው አልኩት። ፊቴን አየ። ቦርጬን አየ። እንባው እስኪፈስ ሳቀና ለቀቀኝ። ድንጋዮቹን ለማስረጃ አስቀራቸው።

ሌላ ለቀምኩ። ድንጋይ የቸገረው አገር አይደለም።

ሚያዝያ 18። ማክሰኞ

79። በ20 ቀን አንድ ኪሎ! ባስኩሉን በእርግጫ አልኩት። አውራ ጣቴ አብጧል።

ቀበቶው ግን ሌላ ይላል፤ ሁለት ቀዳዳ ገባ። ብርሃኔ ስቡ ሲሄድ ጡንቻው ይተካል፣ ሚዛኑ አይነግርህም ብሎኝ ነበር። ወደ 50 ኪሎው ጆንያ ሄድኩ። አንዴ እህ! ትከሻዬ ላይ ተቀመጠ። ወዛደሮቹ ዛሬም ፊታቸውን አዞሩ። ምቀኞች!

ከአገር ለገበያ የመጣች ሴት መልእክት አደረሰችኝ። እናቴ አልጋ ይዛለች። ቆብ ከደፋች ወዲህ በጾም ቀልድ አታውቅም፤ በቀን አንዴ፣ ማታ፣ የደረቀ እንጀራ በውሃ እያራሰች ነው የምትቀምሰው። የነፍስ አባቷ መምሬ ካሴ ሕመምተኛ ጾም የለበትም፣ ወተት ይጠጡ ቢሏት አሻፈረኝ አለች። ከፋሲካ በፊትም ከቤቴ አልነቃነቅም ብላለች።

እሰየው አልኩ። 12 ቀን አገኘሁ። ነገ 5 ኪሎ ድንጋይ እጨምራለሁ።

ሚያዝያ 25። ማክሰኞ፣ ሰሞነ ሕማማት

ትናንት ጠሩኝ። ጠንቶባታል፣ ፋሲካን አትጠብቅም አሉ። ማታውኑ ወረድኩ።

ዛሬ ማለዳ ቃሬዛው ተነሣ። የፊቱን የቀኝ እንጨት ልይዝ ስሄድ ሙ. ቀድሞ ቆሞበታል። የምሰድበውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። አየኝ፣ ዞር ብሎ ቦታውን ለቀቀልኝ። ስድቤ አፌ ውስጥ ቀረ።

አንሡ ተባለ። አነሣሁ።

ምንም የለም። ደብተር፣ እንጨቱ ላይ ምንም የለም! ጨርቁን ብቻ ያነሣን መስሎኝ ዞሬ አየሁ። አለች። ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። እኔ ድንጋይ ስቆልል እሷ እንዲህ አልቃለች።

ዳገቱ ላይ ተራ ልቀቅ አሉኝ። አልለቅም አልኩ። ሦስት ጊዜ። በአራተኛው ሙ. ጆሮዬ ሥር መጣና፣ ቃሬዛ የታማሚው ነው እንጂ የተሸካሚው አይደለም አለኝ፤ በእልህ ስትራመድ እያናጋሃት ነው። ለቀቅኩ። ልክ ስለሆነ ጠላሁት። ራሴን ደግሞ ከእሱ አብልጬ።

ሚያዝያ 26። ረቡዕ፣ ከሰዓት

ብርሃኔ ለመድኃኒቱ ክብደቷን ፈለገ። ክሊኒኩ ያለው የሕፃን ሚዛን ብቻ ነው። መጋዘኑ ጎን ለጎን ስለሆነ አቅፌያት ባስኩሉ ላይ ወጣሁ። 112። የእኔን 79 ቀነስኩ። 33።

ደግሜ ቀነስኩ። ያው 33።

ለሳሏ መድኃኒት አለ አለ ብርሃኔ፣ ግን እንዲህ ያለቀ ገላ መድኃኒቱን አይችለውም፤ መጀመሪያ ምግብ ነው። ባቄላና ሽሮ ሆዷ አይዘውም፤ ወተት፣ በጥቂት በጥቂቱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። የዛሬ ወር የነገርኩህን ለእሷ አልነገርክም? አለኝ።

አልነገርኳትም። እዚያች መንደር በየሳምንቱ ለገበያ የሚመላለስ ሰው አለ፤ አንዲት ቃል፣ አንድ ቁና የምስር ዱቄት መላክ አቅቶኝ አይደለም። አልታሰበኝም! ወር ሙሉ የራሴን ኪሎ ስቆጥር የእሷ አንድ ቀን ትዝ አላለኝም። እሰየውም ብያለሁ፤ እዚሁ ላይ ጽፌዋለሁ፣ አልሰርዘውም።

መምሬ ካሴ አብረው መጥተዋል። ዛሬም ፈቱላት፣ እግዜር አይቆጣም፣ ይጠጡ አሏት። እምቢ። በሕማማት፣ ልጄ እንዲህ ከስቶ እየጾመ እኔ ወተት ልጠጣ? አለች። ሊጠይቋት ለመጡት ሴቶች በጣቷ ታሳየኛለች። ልጄን እዩልኝ፣ ከተማ ገብቶም እንደ መናኝ ነው የጾመው ትላለች። ይህችን የምታህል ፊቷ በደስታ ሞልታለች።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሚያዝያ 27። ጸሎተ ሐሙስ፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ሌሊቱን ባሰባት፤ አሁን ድምፅዋ አይሰማም፣ ከንፈሯ ብቻ ይነቃነቃል። ፋሲካ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ብርሃኔ ሦስት ቀን አትቆይም ብሏል።

መምሬ ካሴን ውጪ አግኝቻቸው ያሰብኩትን ነገርኳቸው። ለአንተ አልፈታም አሉኝ፣ አንተ ጤነኛ ነህ፤ ኃጢአቱን ይዘህ ከፋሲካ በኋላ ትመጣለህ። እመጣለሁ አልኳቸው።

የሺ ወተቱን አፍልታለች። ሁለት ኩባያ አልኳት። አየችኝ። ሁለተኛውን አወረደች።

ገብቼ ጾሜ ለማን እንደነበር እነግራታለሁ። ለእግዜር አልነበረም፣ ለሙላቴ ነበር፤ መናኝ አይደለሁም፣ እልኸኛ ነኝ እላታለሁ። ከዚያ ፊቷ ቁጭ ብዬ እኔ ቀድሜ እጠጣለሁ። የሚጾም ልጅ የላትም፣ ከእንግዲህ በማን ታመካኛለች? ትቆጣኝ። ትርገመኝ። ቆቧን አውልቃ ትወርውርብኝ። ትጠጣ ብቻ።

የሺ ኩባያዎቹን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች፤ እየበረደ ነው ትላለች። ልግባ።